ጥያቄና መልስ፦ «አስተያየት ስጡ» ከተባለ በኋላ

ቤቴ ተቀምጬ በስልኬ መምረጥ የምችለው መቼ ነው? (ከፒያሳ)

ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምራ በኢንተርኔት ታስመርጣለች፤ የእኛን ምርጫ ቦርድን ይጠይቁ።

አንድ የአዘዞ ባጃጅ አሽከርካሪ በመስመር ድልድል ረቂቅ ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶላቸው፣ በሁለት ቀን ስድብ በስድብ ሆኖ መዘጋቱን ጽፈውልናል። «ታዲያ ማን ሰማን?» ይላሉ።

ጥፋቱ የመድረኩ ነው። ግሩፕ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚጽፍ ያሸንፋል፤ ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ሰው ሐሳቡ ከመቶ መልእክት ሥር ይቀበራል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2015 የኡበር (በስልክ የሚጠራ የመኪና አገልግሎት) እና የታክሲ ጠብ ሲነሳባት ፖሊስ በሚባል ፕሮግራም ተጠቀመች (ስሙ ከጸጥታ ኃይል ጋር አይገናኝም)። አንዱ አጭር ሐሳብ ይጽፋል፤ ሌላው «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ይለፈኝ» ብሎ ይጫናል። መልስ መጻፊያ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ መሰዳደቢያም የለም። ፕሮግራሙ ተቀራራቢ ድምፅ የሰጡትን በየወገን ይመድብና ሁሉም ወገን የደገፈውን ሐሳብ ለይቶ ያወጣል። የተሳፋሪ ኢንሹራንስ ጉዳይ ጎልቶ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን በወረቀትም መሥራት ይቻላል። ሃያ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ፤ አሽከርካሪውን፣ ተሳፋሪውንና ነጋዴውን ለየብቻ ጠይቁ፣ ለየብቻ ቁጠሩ። ሁለት ሐሳብ በአንድ አታስሩ፦ «ታሪፍ ይጨመር፣ መስመርም ይለቀቅ» ከተባለ ግማሹን ብቻ የሚደግፍ ሰው መልስ ያጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሐሳብ የጠየቀ መሥሪያ ቤት ምን እንደመጣ፣ የትኛውን እንደተቀበለ፣ የጣለውን ለምን እንደጣለ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተቀየረ አውጥቶ መለጠፍ አለበት። ካልለጠፈ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለሕዝብ ግንኙነቱ የመረጃ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ። ለምን እንደፈለጉት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ነው። መዝገብ ቤት ቀን ጽፎ ማኅተም ያደረገበትን ቅጂ ሳይዙ እንዳይወጡ፤ ቀኑ ሲያልፍ እንባ ጠባቂ ተቋም ይዘው የሚሄዱት እሱን ነው።

አስተያየት ለመስጠት የፋይዳ መታወቂያዎን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩ የተጠየቁት እህት፦ አይላኩ። ለአስተያየት ሰፈርዎንና ሥራዎን መናገር ይበቃል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይቆጠር ተብሎ ማንነት ቢጣራ እንኳ በቻት ፎቶ በመላክ አይደለም። አስቀድመው ልከው ከሆነና በስምዎ ያላወጡት ሲም ወይም ያልጠየቁት ብድር ካዩ ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክሩ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 መኖሩንም ይንገሩት። ጎረቤት የሚመክርበት ጉዳይ አይደለም።

ከማራኪ አንድ የቢሮ ሠራተኛ በአማርኛ የላክነው የኤስኤምኤስ መጠይቅ ሦስት እጥፍ አስከፈለን ይላሉ።

በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል፤ ስለዚህ 140 ሆሄ ሦስት መልእክት ነው። ባዶ ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። «ውድ የከተማችን ነዋሪዎች» የሚለውን ይተዉት። ለምሳሌ «ቦኖው ጠዋት ወይስ ማታ ይከፈት? ጠዋት 1፣ ማታ 2 ብለው በነፃ ይመልሱ» ባዶ ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ 45 ነው። «በነፃ» ከማለትዎ በፊት ግን ከቴሌ ጋር ይዋዋሉ። ውጤቱን ሲያወጡም «ይህን ያህል ስልክ መለሰ» ይበሉ እንጂ «ይህን ያህል ሰው» አይበሉ፤ በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው፣ የሚይዘውም አባወራው ነው። ጀሪካን ተሸክመው የሚሰለፉትን ሴቶች እዚያው ቦኖው ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።