«ትርፍ ጊዜዬን አነባለሁ» ብዬ ለዋሸኋችሁ ወጣቶች

ባለፈው ሳምንት ሻይ ክፍል ውስጥ ከኢንተርኖቹ፣ ማለትም ከተለማማጅ ሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብለን ነበር፣ አንዱ ኬዝ አልቆ ቀጣዩ በሽተኛ እስኪገባ፣ እና አንዷ ድንገት «ዶክተር፣ ትርፍ ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብበት «አነባለሁ» አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዱማ «ያስታውቃል» አለ። እናንተዬ፣ የዛን ዋዜማ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ደረቴ ላይ የቆሎ ሳህን አስቀምጬ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ግንድ በትከሻው ተሸክሞ ከጫካ ሲወጣ እያየሁ ነበር። ኮማንዶን ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ባለቤቴ ብቻ ናት ቁጥሩን የምታውቀው።

57 ዓመቴ ነው። የአጥንት ሐኪም ነኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሰው የሰበረውን፣ መኪና የሰበረውን፣ ፎቅ የሰበረውን ስገጣጥም ኖሬያለሁ። ምክር ስጥ ስባል ብዙ ጊዜ የምለው ያው የተለመደውን ነው፣ አንብቡ፣ በሰዓት ግቡ፣ ታላቅ አክብሩ። ዛሬ ግን ያቺ «አነባለሁ» ያልኳት ነገር ስለከነከነችኝ ስለሌላ ነገር ልጻፍላችሁ፣ ስለምትደብቁት ደስታችሁ። ውሸቷ ትንሽ ነች፣ ማንንም አልጎዳችም፣ ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ እየደጋገምኩ ስላት ምን እንዳስቀረችብኝ የገባኝ አሁን ነው።

ነገሩ የጀመረው ጎንደር ነው። 1984 ዓ.ም. የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፣ ያኔ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነው። ቪዲዮ ቤት ምን እንደሆነ ለማታውቁት፣ አንድ የጭቃ ክፍል፣ መስኮቱ ላይ ብርድልብስ የተሰቀለበት፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ ያለው፣ በር ላይ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ዛሬ ራምቦ፣ ቀጥሎ ቫንዳም» ተብሎ የተጻፈበት ማለት ነው። እንግሊዝኛው ማንም አይገባውም፣ የሚያስፈልግም አልነበረም። ዋናው ሰውዬ ስሙ ምንም ይሁን ለኛ «አክተሩ» ነው፣ አክተሩ ደግሞ አይሞትም፣ ይሄ በቃ ሕግ ነው። አዲስ የገባ ሰው «ይሄ ይሞታል እንዴ?» ብሎ ከጠየቀ ቤቱ በሙሉ ነው የሚስቅበት።

አንድ ማታ ፊልሙ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ያኔ ብርቅ አይደለም፣ ባለቤቱ ጀነሬተር ሊያስነሳ ወጣና ልጁ ሻማ ለኩሶ ፊት ለፊት አቆመ። እኔም ዞር ዞር ስል ከኔ ሁለት ወንበር ፊት ጋቢ እስከ ግንባሩ የተከናነበ ሰው አየሁ። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የሰርጀሪ አስተማሪያችን ነበሩ! እኚህ ሰውዬ ማለት ዋርድ ሲገቡ በሽተኛው ራሱ ተስተካክሎ የሚተኛላቸው፣ ተማሪ ከሳቀ ከራውንድ (በሽተኞችን እየዞርን ከምናይበት) የሚያባርሩ፣ ስለሞዛርት ያወራሉ ተብሎ የሚወራላቸው ሰው ናቸው። እሳቸውም አዩኝ። ሁለታችንም እንዳልተያየ ሰው ወደ ጨለማው ቴሌቪዥን ዞርን። ልውጣ ብዬ ነበር፣ ግን አክተሩ ትከሻውን ተመትቶ ገና ቁስሉን በሸሚዙ እያሰረ ነበር ያቋረጠብን፣ እንዴት ጥዬ ልሂድ።

በነጋታው ራውንድ ላይ አሥራ ምናምን ተማሪ ተሰልፈን ሐሞት ጠጠር ያለባት በሽተኛ አጠገብ ቆመን፣ ምንም ከሐሞት ጋር በማይገናኝ ሁኔታ ወደኔ ዞር አሉና «አንተ፣ ሰው ትከሻው ላይ በጥይት ቢመታ የሚያሰጋህ ምንድነው?» አሉኝ። እኔም እየተንተባተብኩ «ሰብክሌቪያን አርተሪ፣ ወደታች ሲሄድ አክሲላሪ፣ ከዛ ደግሞ ወደ እጅ የሚሄዱት ነርቮች» አልኩ፣ አርተሪዎቹ የትከሻ ትልልቅ የደም ሥሮች ማለት ናቸው። «ታዲያ በሸሚዝ ታስሮ ይሮጣል?» አሉ። «አይሮጥም ዶክተር።» «ጎበዝ» ብለው ወደ ሐሞቷ ተመለሱ። ተማሪው ሁሉ ምን ነካቸው ብሎ ተያየ፣ እኔ ብቻ ነኝ የከንፈራቸው ጫፍ ስትነሳ ያየሁት።

ከዛ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። ስፔሻላይዝ አድርጌ ከተመለስኩ በኋላ አብረን ሠርተናል፣ ቤታቸው ፋሲካ ተጋብዤ በልቻለሁ፣ ስለ በጀት ስለ ኢምፕላንት እጥረት ስንቱን አውርተናል፣ እና ሳሎናቸው ቴሌቪዥኑ ስር የተደረደረ የካሴት ክምር ነበር፣ ስም የተጻፈበትን ጎናቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀመጧቸው። ምን ካሴት እንደሆነ አውቄ ነበር። አንድ ጊዜ «ዶክተር እስቲ አንዱን እንይ» ብል ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። አሁን የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር።

እሺ፣ ለምንድነው ደግሞ የተማረ ሰው ይሄን የሚያየው? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፣ ልጄም ይጠይቀኛል። ኮማንዶ ላይ አርኖልድ ልጁን ለማስለቀቅ 11 ሰዓት ነው ያለው፣ አፋኞቹ አሳፍረውት እሱ ዘሎ ያመለጠበት አውሮፕላን እስኪያርፍ። በ11 ሰዓት ውስጥ አንዱን ገደል ላይ በአንድ እግሩ አንጠልጥሎ ይለቀዋል፣ መሣሪያ ቤት ይዘርፋል፣ ደሴት ላይ ያለ ሠራዊት በሙሉ ይጨርሳል፣ ሰማይ ያህል ተኩሰውም አይጥሉትም፣ ከዛ ልጁን አቅፎ ይሄዳል። እኔ ደግሞ አንድ የጭን አጥንት ብረት አስገብቼ ካስተካከልኩ በኋላ እስኪገጥም ከሶስት እስከ ስድስት ወር እጠብቃለሁ፣ አንዳንዴ አይገጥምም፣ አንዳንዴ ኢንፌክሽን ይገባል፣ አንዳንዴ ሰውየው ከመሀል ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሽቶ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ «ቆይ እናያለን» ስል የዋልኩ ሰው ማታ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ቢያምረው ይፈረድበታል?

ደሞ እንደ ሥራዬ ማየት አልተውም፣ ያ ነው ሌላው ደስታ። አክተሩ እግሩ ተሰብሮ ሲሮጥ ባለቤቴ «ውይ አመመው» ስትል እኔ «የጭን አጥንት ሲሰበር ከ1 ሊትር በላይ ደም እዛው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል፣ ሰው ያለው በጠቅላላ 5 ሊትር ገደማ ነው» እላለሁ፣ እሷም «ዝም ብለህ እይ» ትለኛለች። አጥንት ሲሰበር የምትሰሙት «ቋ» የሚለው ድምፅም የአትክልት ድምፅ ነው፣ ሰሌሪ ማይክራፎን አጠገብ ይዘው ይቆርሱታል። እውነተኛው የኛ ክፍል ድምፅ ብትሰሙት አናጢ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ድሪል አለ መዶሻ አለ መጋዝ አለ።

እየቆየሁ ስሄድ ግን የበለጠ የምወደው አክተሩን ሳይሆን በሱ ፈንታ የሚወድቀውን ሰውዬ ሆነ። ሰው ሲወድቅ በየትኛው ጎኑ እንደሚያርፍ፣ እጁን እንዴት እንደሚሰበስብ አያለሁ፣ እኔ ጋ የሚመጡት እኮ እጃቸውን ዘርግተው የወደቁት ናቸው። አንዳንዱ አክተር ደግሞ ራሱ ነው የሚወድቀው፣ ጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ፖሊስ ስቶሪ ላይ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አምፖል በተጠመጠመበት ምሰሶ ሲንሸራተት መዳፉ ተቃጥሏል፣ ወገቡም ተጎድቷል። ከዛ ብዙም ሳይቆይ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ሌላ ፊልም ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ለትንሽ ነው የተረፈው። ቶም ክሩዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ያቺ ስብራት ፊልሙ ላይ አለች፣ አልቆረጧትም። እግሩ ግድግዳው ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ወደላይ እጥፍ ስትል ትታያለች፣ ከዛ ተነስቶ እያነከሰ ካሜራውን አልፎ ይሄዳል፣ ቀረጻው ለሳምንታት ቆሟል። ያቺን ሁለት ሰከንድ እያቆምኩ እየመለስኩ ስንቴ አይቻታለሁ፣ አንድ ቀን ለሬዚደንቶች፣ ስፔሻላይዝ ለሚያደርጉት ሐኪሞች፣ ማስተማሪያ አደርጋታለሁ እያልኩ ሳፍር ቆየሁ።

ማፈር አልኳችሁ፣ ዓለም እንኳን ማፈሩን እየተወ ነው። ኪያኑ ሪቭስን ተክቶ ማትሪክስ ላይ ሲወድቅለት የነበረው ቻድ ስታሄልስኪ በኋላ ጆን ዊክን ዳይሬክት አደረገ፣ ኦስካር የሚሰጡትም ስንት ዘመን ዝም ብለዋቸው ኖረው እ.ኤ.አ. በ2025 ለስታንት ሠራተኞች፣ በአክተሩ ፈንታ ለሚወድቁት፣ የራሳቸው ሽልማት እንዲኖር ወሰኑ፣ የመጀመሪያው በ2028 ይሰጣል።

አሁን ግን እንደ ሐኪም አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ከፊልም ተምረው የሚመጡ አሉ። ተናዶ ግድግዳ በቡጢ የሚመታ ወጣት፣ እናንተ ሆዬ፣ በየወሩ አያለሁ። ከትንሿ ጣት ጋር የሚገናኘው የመዳፍ አጥንት ነው የሚሰበረው፣ ስሙም የቦክሰር ስብራት ነው የሚባለው ግን የሠለጠነ ቦክሰር በትንሿ ጣት በኩል አይመታም፣ የሚሰበረው አማተሩ ነው። ግድግዳው ምንም አይሆንም። ደሞ ሰው ላይ የተሰካ ቢላ ወይ ብረት ካያችሁ አትንቀሉት፣ አክተሩ ጥርሱን ነክሶ ይነቅላል፣ እናንተ ስትነቅሉት ደሙን ይዞት የነበረውን ቡሽ ነው የምትነቅሉት፣ ዙሪያውን ደግፋችሁ ከነምኑ አምጡት። እና በሞተር አደጋ የወደቀን ልጅ እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ውስጥ አትወርውሩት። በጎ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሕዝባችን ሩህሩህ ነው፣ ግን አንገቱ እየተንጠለጠለ ሲመጣ ስንት ጊዜ ከመውደቁ ይልቅ ማንሳቱ ይሆን የጎዳው እያልኩ አስቤያለሁ። አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ ካልቻላችሁ እንኳ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ አንዱ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አውጡት። ፊልም ላይ በትከሻ ተሸክሞ መሮጥ ያምራል፣ ያው የተሸከመው ሰው አልተጎዳም።

ሌላ ደግሞ ደስ የማይል ነገር አለ፣ እሱንም ልናገር። ጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ በብዛት ይመጣ በነበረበት ወቅት ዓመት ከምናምን ተኩስ ያለበት ፊልም ማየት አቃተኝ። አንድ ማታ ከፍቼ አክተሩ ማማ ላይ የቆመውን ዘበኛ ሲጥለው፣ ታውቁታላችሁ ያንን ዘበኛ፣ በየፊልሙ አለ፣ «ኣ» ብሎ የሚወድቀው፣ ስም የለውም ፊቱም አይታይም። እኔ ግን የዛን ቀን ጠዋት ደረቱ ላይ በፕላስተር ስሙ የተለጠፈ ልጅ እግር ቆርጬ ነው የመጣሁት፣ እስክርቢቶው ደብዝዞ የአባቱ ስም አይነበብም ነበር። አጠፋሁት። ለብዙ ጊዜ መኪና ብቻ ነበር የማየው፣ ፋስት ኤንድ ፊሪየስ፣ መኪና አቡ ዳቢ ላይ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዘል፣ ማንም የማይሞትበትን። በኋላ ወደ አርኖልድ ተመለስኩ፣ ግን ያ ዘበኛ ሲወድቅ እስከ ዛሬ አልስቅም። እናንተም አንድ ቀን የምትወዱት ነገር እንደዚህ እምቢ ቢላችሁ አትደንግጡ፣ አታስገድዱት፣ ትንሽ አስቀምጡት።

እና የምላችሁ ይሄ ነው፣ የወደዳችሁትን ለማሳነስ አትቸኩሉ። ሰዉ «ምን ዓይነት ፊልም ትወዳለህ?» ሲላችሁ ያላያችሁትን የፈረንሳይ ፊልም አትጥሩ። ከባድ መጽሐፍ አንብቡ፣ አንብቡ ስል ከልቤ ነው፣ እኔም አንዳንዴ አነባለሁ፣ ግን ፊልሙን ደብቃችሁ መጽሐፉን ብቻ ስታሳዩ ሰው የሚያከብረው የቆመላችሁን ሐውልት እንጂ እናንተን አይደለም፣ ማታ ደግሞ አብሯችሁ ቆሎ የሚበላ ታጣላችሁ። እኔ ከዛ አስተማሪዬ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ኖሬ ብቻችንን ስናይ ኖርን፣ እሳቸው ካሴቱን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እኔ ፍላሽ ላይ አስጭኜ ፎልደሩን «ሌክቸር» ብዬ ሰይሜ። እውነቴን ነው፣ «ሌክቸር» ነው የሚለው እስካሁን። አንዴማ ኮንፈረንስ ላይ ላፕቶፔን ፕሮጀክተር ላይ ሰክቼ ፎልደሩን በስህተት ከፍቼ፣ ብቻ ይቅር፣ ቶሎ ዘጋሁት፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሬዚደንት ግን እስከ መጨረሻው ፊቱን በወረቀት ሸፍኖ ነበር።

ያቺ ሻይ ክፍል የጠየቅሽኝ ልጅ ይሄን ካነበብሽው፣ አነባለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ኮማንዶ ነበር። አንቺም ስልክሽን ቶሎ ስታጠፊው ስክሪኑ ላይ የፋስት ኤንድ ፊሪየሱን ቪን ዲዝልን አይቼዋለሁ። ሰኞ ራውንድ ላይ አክሲላሪ አርተሪን ከነቅርንጫፎቹ አንብበሽ ነይ።