ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት ጎረቤቱ ማን እንደሆነ እወቂ

እህቴ፣ "ጣሊያን፣ ሲዬና አካባቢ ማማ ያለው ጥንታዊ የገጠር ርስት ለሽያጭ አይቻለሁ፣ በመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ ቅዱስ አድሮበታል ይላሉ፣ ቀብድ ልክፈል ወይ?" ያልሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔና ባለቤቴም ከሮም ተነስተን እዚያው አውራጃ ስንገዛ የማረከን ይኸው ወሬ ነበር።

1. ለታሪኩ ብለሽ አንድ ዩሮ እንዳትጨምሪ። እዚያ አካባቢ ደላላው ሁሉ ቅዱስ ጋልጋኖን ያነሳል። ፈረሰኛ ነበር፤ ጦርነቱን ትቶ ሞንቴሲዬፒ ኮረብታ ላይ ሰይፉን ድንጋይ ውስጥ ሰካ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1181 ሞተ፣ በ1185 ቅዱስ ተባለ። ሰይፉ ዛሬም እዚያው አለ፤ ሄደሽ እዪው፣ ያስደንቃል። እኛን ግን ደላላው "ከዚህ ጉድጓድ ውሃ ጠጥቷል" አለን፣ እኛም አመንን። ሲዬና ቤተ መዛግብት ውስጥ በ1316 መጻፍ የተጀመረ የርስት መዝገብ አለ። ላቲን የሚያነብ ሰው ይዤ ሄድኩ። መሬቱ ተጽፏል። ቤት የሚባል ነገር ግን አልተጻፈበትም። ይህን ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

2. ቀብዱ። ውሉ ላይ "ካፓራ ኮንፊርማቶሪያ" የሚል ካለ፣ አንቺ ከተውሽው ገንዘብሽ ቀረ ማለት ነው። ሻጩ ከተወው እጥፉን ይመልሳል።

3. እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የእርሻ መሬት ሲሸጥ አዋሳኙን መሬት ራሱ የሚያርስ ባለቤት ቅድሚያ አለው። እ.ኤ.አ. የ1965 እና የ1971 ሕጎች ናቸው። ሻጩ በሬኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ሊያሳውቀው ይገባል፣ ጎረቤቱም ለመወሰን 30 ቀን አለው። ካልተነገረው ደግሞ ሽያጩ ከተመዘገበ በኋላ እስከ አንድ ዓመት መሬቱን ከገዢው ላይ መውሰድ ይችላል። የኛ ሻጭ "ማንም የለም" አለ፣ ውሉን የሚያጸድቀው ኖታዮም ቃሉን ይዞ አለፈ። በስምንተኛው ወር የጠበቃ ደብዳቤ መጣ። የወይራ ዛፎቹን በእጃችን ገርዘን፣ የድንጋይ አጥሩን ጠግነን ጨርሰን ነበር። ጎረቤታችን በውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ወሰደው። በእሱ አልፈርድም፣ መብቱ ነው። ደላላው ቢሮ ስንሄድ ግን እንኳን ይቅርታ፣ ቁጭ በሉ ያለን የለም። "ፈርማችኋል፣ የኛ ሥራ አልቋል።" ባለቤቴ እዚያው ቆማ አለቀሰች። የድለላው ክፍያ ሳይመለስ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ገዛን፣ ያነሰ፣ ምንም ታሪክ የሌለው። መጀመሪያ ያደረግኩት የሦስቱን ጎረቤቶች በር ማንኳኳት ነበር። ቡና ይዤ ሄድኩ፣ የራሳችንን። ሻጩ ለሦስቱም ውሉን በሬኮማንዴ ላከ፣ 30 ቀኑን ቁጭ ብለን ቆጠርን፣ ከዚያ ፈረምን። አሁን ዘይታችንን የምንጨምቀው ከነሱ ጋር ነው።

4. ማማው በቅርስነት ከተመዘገበ መንግሥትም ቅድሚያ አለው፤ ሽያጩ ከተነገረው ጀምሮ 60 ቀን። እስከዚያ ቁልፍ አትቀበይ። ያለ ፈቃድም አንድ ድንጋይ እንዳታነሺ።

ማስታወቂያው ስንት ሄክታር ይላል? አጠገቡ ያለውንስ መሬት ማነው የሚያርሰው? ይህን ሳትጽፊልኝ ምንም እንዳትፈርሚ።