«መቀነሱን ገለጹ» ወይስ «ቀንሷል ብለዋል»?

ጥያቄ፦ የምክር ቤት የበጀት ክርክር እዘግባለሁ። አንድ አባል «የዋጋ ንረቱ ቀንሷል» ቢሉ፣ «የዋጋ ንረቱ መቀነሱን ገለጹ» ብዬ ብጽፍ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ሰዋስዉ እንከን የለበትም። ነገር ግን የአባሉን አስተያየት እርስዎ ራስዎ የመሰከሩለት እውነት ያስመስለዋል። «መቀነሱን» የሚለው አገባብ መቀነሱን እንደ ታወቀ ነገር ይወስደዋል፤ አባሉ የሚነግሩን ያንኑ የታወቀውን ነው ማለት ነው። «አስረዱ»፣ «አብራሩ»፣ «አረጋገጡ» ሲከተሉት ደግሞ ይብስበታል። «እንደቀነሰ ተናገሩ» ትንሽ ይለዝባል። ንግግሩን ሙሉ በሙሉ ለባለቤቱ የሚተወው ግን «ቀንሷል ብለዋል» ነው። ነገሩ አከራካሪ ከሆነ «ቀንሷል ሲሉ ተከራክረዋል» ይበሉ። አንባቢ የአንድን ሕዝብ ተወካይ አቋም ሊመዝን የሚችለው አቋም መሆኑ ሲነገረው ነው፤ ስለዚህ ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር አይዩት።

በ«ብለዋል» ሲጠቀሙ ተናጋሪው በአንደኛ መደብ ይቀራል፦ «ይህን በጀት አልደግፍም» ብለዋል። ትእምርተ ጥቅሱን ከዘለሉት ደጋፊ ያልሆነው ማን እንደሆነ ሊምታታ ይችላል። በራስዎ ቃል ካቀረቡት «እንደማይደግፉ ተናግረዋል» ይሆናል። «እንደማይደግፉ ብለዋል» ግን የሁለቱ ድብልቅ ስለሆነ አያስኬድም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የዋጋ ንረት መቀነስና የዋጋ መቀነስ ለየቅል ናቸው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ንረት 130 ብር ይገባል፤ በቀጣዩ ዓመት ንረቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ እንኳ ዕቃው 156 ብር ይደርሳል። ንረቱ ቀነሰ፣ ዋጋው ግን ጨመረ። ስለዚህ አንዱ አባል «ቀንሷል»፣ ሌላው «ገበያው ላይ አላየነውም» ሲሉ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ዋጋ ቀንሷል ብለዋል» ብሎ የጻፈ ዘጋቢ ግን የመጀመሪያውን አባል ያላሉትን አስብሏቸዋል። ከ30 ወደ 20 መውረዱንም «በ10 በመቶ ቀነሰ» አይበሉት፤ የ30 አሥር በመቶ 3 ስለሆነ ንረቱ 27 ደረሰ ማለት ይሆናል። «በ10 መቶኛ ነጥብ» ወይም በቀላሉ «ከ30 ወደ 20 በመቶ» ይበሉ።

«በ» እና «ወደ»ም እንዲሁ ይለያያሉ። የ2016 የፌዴራል በጀት 801.65 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2017ቱ 971.2 ቢሊዮን ሆኖ ጸደቀ። በጀቱ ያደገው ወደ 971.2 ቢሊዮን ነው፤ በምን ያህል ቢባል በ170 ቢሊዮን ገደማ፣ ማለትም በ21 በመቶ አካባቢ። አንዲቷን «ወደ» በ«በ» የለወጠ ሰው በጀቱን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል። በክርክር ውስጥ ቃል በቃል ሲጻፍ በተለይ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ጆሮ በቀላሉ ያልፋታልና።

አባሉ የበጀቱን የብድር ድርሻ ብቻ ቢነቅፉ «በጀቱን ተቃወሙ» አይባልም፤ ተቃውሞ በድምፅ አሰጣጥ ጊዜ ከድጋፍና ከድምፀ ተአቅቦ ጋር የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ሳይቆጠር አይለጥፉባቸው።

በመጨረሻ «ጠየቁ»ን ይለዩት። «ድጎማው እንዲቀጥል ጠየቁ» ይቀጥል የሚል አቋም ነው። «ድጎማው ይቀጥል እንደሆነ ጠየቁ» ግን መልስ ፈላጊ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አባሉ ድጎማውን ይደግፉ ወይም ይንቀፉ ከዚህ ዓረፍተ ነገር አይታወቅም።