ድምፃችን በትክክል ይቆጠራል ወይ ላልከው፦ ከጣቢያው ውስጥ ሆኜ ያየሁት

ወንድሜ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለህ። እናትህንም እንኳን ደስ ያለዎት በልልኝ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። አንተና እናትህ ዜግነት ያገኛችሁት ገና በቅርቡ ነው። የምትኖሩት እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጡ ነው። የፕሬዚዳንት እጩዎችን ክርክር ማየት ይጠቅማል ወይ? እገሌ እገሌን ደገፈ ሲባል ምን ያህል ልስማው? ማሽኑ ይጠለፋል ይባላል፣ ድምፃችን በትክክል ይቆጠራል ወይ? ብለሃል።

እኔ በምኖርበት ካውንቲ አራት ምርጫ ላይ የጣቢያ አስፈፃሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ በዓይኔ ያየሁት እሱን ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

የእኛ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ፣ ወንበር እየዘረጋን። መጀመሪያ ቃለ መሐላ እንፈጽማለን። ሕጉ ሁለቱም ፓርቲ እንዲወከል ስለሚያዝ አብሮህ የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ካንተ ተቃራኒ የሚመርጥ ነው። ከዚያ የስካነሩ ማሸጊያ ላይ ያለውን ቁጥር አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ማሽኑ ሲበራ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ ያለ ረጅም ወረቀት ይተፋል። ከእያንዳንዱ እጩ ስም ጎን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሁላችንም አይተን እንፈርምበታለን።

መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ያንን ወረቀት ስፈርም እንባዬ መጣ። እኔ ኮሮጆ ተገለበጠ የሚል ወሬ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ባዶ መሆኑን አይቼ የምፈርመው እኔ እሆናለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

በሩ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ ምሽት አንድ ሰዓት ይዘጋል። አንድ ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሳይመርጥ አይመለስም። አንተ የምታደርገው ቀላል ነው። ወረቀት ይሰጥሃል፣ በእስክሪብቶ ታጠቁራለህ፣ ስካነሩ ውስጥ ታስገባለህ። ወረቀቱ ከሥር ባለው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ስካነሩ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ቨርጂኒያ ወረቀት የማይተዉትን በጣት የሚነኩ ማሽኖች በ2017 ከሥራ አስወጥታለች። ስለዚህ ማሽኑ ቢሳሳት እንኳ የአንተ እጅ ያጠቆረው ወረቀት አለ፤ ወጥቶ ይቆጠራል። በ2020 ጆርጂያ ላይ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት ያ ሁሉ ውዝግብ ሲነሳ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ወረቀት በሰው እጅ ተቆጥሯል። አሸናፊው አልተለወጠም።

አንድ ምሽት ልንገርህ። በሁለተኛው ምርጫዬ ነው። በር ዘጋን፣ ስማቸው የተመዘገበውን መራጮች ቁጥር ከስካነሩ ቁጥር ጋር አስተያየን። አንድ ጎደለ። አንድ ብቻ! ሁላችንም ከሌሊት ጀምሮ ቆመን እግራችን አብጧል። አንዱ "አንድ ድምፅ ነው እኮ፣ እንሂድ" አለ። የጣቢያው ኃላፊ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ንቅንቅ አልልም አሉ። የቀኑን ማስታወሻ ገጽ በገጽ ገለጥን። ለካ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጇ እያለቀሰባት ወረቀቷን ስካነር ውስጥ ሳታስገባ ወጥታ ኖሯል። በር ላይ የነበረው ልጅ ሰዓቱን ሳይቀር ጽፎታል። እሱን መዝግበን፣ ፈርመን፣ ያኔ ነው ወደ ቤት የሄድነው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ድምፅ ይሰረቃል" ሲሉኝ ትዝ የሚሉኝ እኚያ አስተማሪ ናቸው።

ለአንድ ድምፅ ይህን ያህል ምን አስጨነቃቸው እንዳትል። በ2017 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ፣ ለክልሉ ምክር ቤት በተደረገ ውድድር ሼሊ ሲሞንድስ በድጋሚ ቆጠራ በአንድ ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በማግስቱ ዳኞች አንዲት አከራካሪ ወረቀት መርምረው ለተፎካካሪዋ ለዴቪድ ያንሲ ቆጠሩለት። 11,608 ለ11,608 ሆነ። ጥር 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም ተጽፎ ሳህን ውስጥ ገባና ዕጣ ወጣ። ያንሲ ደረሰው። በዚያች ዕጣ የያንሲ ፓርቲ፣ ሪፐብሊካን፣ ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዘ። ይህን ለእናትህ ንገራቸው፤ "የኔ አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል" የሚሉ ከሆነ።

ታዲያ ምንም አደጋ የለም እያልኩህ አይደለም። አደጋው ግን ከስካነሩ ይልቅ ስልካችን ውስጥ ነው ያለው። በጥር 2024 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ፓርቲዎቹ እጩ ከሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ በፊት፣ ሰዎች ስልካቸው ጠራ፤ ሲያነሱት የባይደን ድምፅ ነው፣ ድምፃችሁን ለኅዳር አቆዩ ይላል። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ነበር። ያሠራው የፖለቲካ አማካሪ የ6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተወሰነበት። በዚያው ዓመት በምርጫው ቀን ጆርጂያን ጨምሮ በተለያዩ ስቴቶች ያሉ ጣቢያዎች በኢሜይል የቦምብ ማስፈራሪያ ደረሳቸው። ሁሉም ሐሰት ሆኖ ተገኘ፣ ግን አንዳንዱ ጣቢያ ለጊዜው ተዘግቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ያንን ዓይነት ወሬ በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚያጣራው ብዙ ሰው አለ። በአማርኛ ሲሆንስ? እኔ ባለሁበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ "አዲስ ዜጎች ሰርተፊኬታችሁን ካልያዛችሁ አትመርጡም" የሚል የድምፅ መልእክት ሲዘዋወር ነበር። ፍጹም ውሸት ነው። የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ጊዜው ያለፈበት እንኳ ቢሆን ይሠራል። ምንም ካልያዝክ ማንነትህን የሚያረጋግጥ ቅጽ ትፈርማለህ። ያን መልእክት ሰምተው ከቤት የቀሩ እናቶች ስንት እንደነበሩ ማን ያውቃል። እኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ክርክሩ። እኛ ክርክር እንወዳለን። በእኛው 97 ምርጫ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት እንዴት እንደሚሞላ አስታውሳለሁ፤ አባቴ ወሬኛ ጎረቤት ዝም የሚለው ያኔ ብቻ ነው ይሉ ነበር። እዚህም ቢሆን ክርክር ቀልድ አይደለም። ሰኔ 27 ቀን 2024 ባይደንና ትራምፕ አትላንታ ላይ ተከራከሩ፤ አንድ ወር ሳይሞላ ሐምሌ 21 ባይደን ራሱን ከውድድሩ አገለለ። ግን ምክሬን ስማኝ፣ ሙሉውን 90 ደቂቃ ራስህ እይ። በማግስቱ ቲክቶክ ላይ የሚመጣልህ ሃያ ሰከንድ የተቆረጠው ለአንተ ተብሎ አይደለም፤ አንተን ለማናደድ ወይም ለማሳቅ ነው። እኔ ወረቀት ይዤ ነው የማየው። ጥያቄውን እጽፋለሁ፣ የተመለሰውን ምልክት አደርግበታለሁ። ስንቱ ሳይመለስ እንደሚያልፍ ስታየው ትገረማለህ። ስለ ኢሚግሬሽን ወይም ስለ ጤና ኢንሹራንስ ተጠይቆ ስለ ተቃዋሚው ባሕርይ የሚያወራ እጩ የነገረህ ነገር አለ።

"እገሌ ደገፈ" ለሚለው፣ ማን ነው የደገፈው፣ ለማንስ ነው የሚናገረው ብለህ ጠይቅ። በ2016 ከትላልቆቹ ጋዜጦች አብዛኞቹ ሂላሪ ክሊንተንን ደግፈው ነበር፤ ያሸነፈው ትራምፕ ነው። በ2020 ደግሞ የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ባይደንን ሲደግፍ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ባይደን ስቴቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ ያለቀለት የተባለ ሰው ነፍስ ዘራ። ልዩነቱ ቅርበት ነው። ክላይበርን የሚናገረው ሕይወቱን ሙሉ ለሚያውቁት ሰዎች ነበር።

የእኛው ጉዳይ ይነሳ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ወቅት ብዙ ኢትዮጵያውያን የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው የሪፐብሊካኑን እጩ ግሌን ያንግኪንን ደገፉ፤ በግልጽ የደገፉት ድርጅቶችም ነበሩ። ያንግኪን ወደ 64 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። ቁጣው ይገባኝ ነበር፣ እኔም እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነው። ግን የቨርጂኒያ ገዥ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ አያወጣም። ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱን፣ ሜዲኬዱን (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ነው የሚይዘው። ያኔ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ምን አሰበ ብሎ የጠየቀ ሰው በዙሪያዬ አላጋጠመኝም። ማኅበር ወይም የምታከብረው ሰው እገሌን ምረጥ ሲልህ በአክብሮት ስማ፤ ከዚያ ያ ወንበር ምን ሥራ እንዳለው ራስህ እይ።

አሁን የእናትህ ነገር። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም ብለሃል። እዚህ የምርጫ ወረቀቱ በአማርኛ አይመጣም። ማዶ ዲሲ በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃ አላቸው፤ እኛ ጋ ግን መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ግን የፌዴራል ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የማይቻለው የመራጩ አሠሪ ወይም የአሠሪው ወኪል፣ ወይም የመራጩ ሠራተኛ ማኅበር ኃላፊ ወይም ወኪል ብቻ ነው። አንተ ትገባለህ፣ ቅጽ ትፈርማላችሁ፣ እሳቸው ያሉህን ታጠቁራለህ። እባክህን እሳቸው ያሉህን ብቻ። በየምርጫው አንድ ሁለት ልጆች "እማዬ አታውቅም፣ ዝም ብዬ ልሙላው" ሲሉ እሰማለሁ። ያማል።

ሰልፍ ከከበዳቸው ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ መምረጥ ይጀመራል። ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ደግሞ ከመኪናም መውረድ የለባቸውም፤ ወረቀቱ እዚያው ይመጣላቸዋል። ባለፈው ከባልደረባዬ ጋር ሆነን ነጠላ ለለበሱ አንዲት እናት ወስደን ነበር። ልጃቸው እያነበበችላቸው ጨረሱ፣ ወረቀቱን በመሸፈኛው ውስጥ አድርገው ሰጡን። ገብተን ስካነሩ ውስጥ ከተትነው። ስንወጣ መኪናው አልሄደም። መስኮቱን አውርደው እየጠበቁ ነው። "ገባ?" አሉኝ። "ገብቷል እማማ" አልኳቸው። "ዓይንሽ አይቷል?" አሉኝ። አይቷል አልኳቸው። ያኔ ነው ልጃቸውን "ንጂ" ያሏት።