«ሜድ ኢት» ማለት «አለፈለት» ብቻ አይደለም

ባለፈው ዓመት ደሴ ሄጄ ጎረቤት ቡና ጠሩኝ። ቶናው ሳይቀዳ አሜሪካ ያለ የሰፈራችን ልጅ ስም ተነሣ። «አለፈለት አሉ!» አሉ እናቶች። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ዕዳ ላይ ነው ያለው። ያን ቀን ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ልጽፍላችሁ አሰብኩ።

«ሜክ ኢት» ትባላለች። ቃል በቃል ብትተረጉሟት «ሥራው፣ አብጀው» ነው፣ ስሜት አይሰጥም። «ሂ ሜድ ኢት» ከተባለ ግን ተሳካለት፣ አለፈለት ማለት ነው። «ሜድ ኢት ቢግ» ሲሉ ደግሞ ሀብቱ ወይም ዝናው የገነነ ሰው ነው።

ችግሩ «ሂ ዲድንት ሜክ ኢት» ላይ ነው። አሜሪካ በመጣሁበት ዓመት አረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ባልደረባዬ ስለምንከባከባቸው ሽማግሌ «ሂ ዲድንት ሜክ ኢት» አለችኝ። ቀጠሮ ያመለጣቸው መስሎኝ ፈገግ ብዬ «ችግር የለም፣ ነገ ይሄዳሉ» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ ሌሊት አርፈዋል። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ስለ ታመመ ሰው ከተነገረ «አልተረፈም» ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ እኮ «አለፈ» እና «አለፈለት» አለው፤ በዚያ አስታውሱት።

ለቀጠሮም ያገለግላል። መምጣት ካልቻላችሁ «አይ ካንት ሜክ ኢት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ። ዝም ብሎ መቅረት እዚህ ሰው ያስቀይማል።

«ፌክ ኢት ቲል ዩ ሜክ ኢት» የሚሉም አሉ። እስኪሳካልህ ድረስ የተሳካለት ምሰል ነው ነገሩ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጥሩ ነው፤ ቢፈሩም ቀና ብሎ መናገር ይጠቅማል። ያልሠሩትን ሠርቻለሁ ማለት ግን ውሸት ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ወደ ክሬዲት ካርድ ወሰዱት። መኪናው በብድር፣ ፎቶው ወደ ደሴና ኮምቦልቻ። ቤተሰብ ፎቶውን አይቶ ብር ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል?

እኔም አድርጌዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተበደርኩ ላክሁ። እናቴ «አለፈልህ ወይ ልጄ?» ባለችኝ ቁጥር «አዎ» እላት ነበር። አንድ ቀን ግን አልቻልኩም። «እማ፣ ገና ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አብሽር ልጄ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» አለችኝ። ያን ማታ ቁጭ ብዬ ዕዳዬን አንድ በአንድ ጻፍኩት።