«ሊንኩን ነካሁት» ብላ ለምትደውል መምህርት

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ አሜሪካ በትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች የአይቲ ሥራ የጀመራችሁ የእኛ ልጆች በመኖራችሁ ደስ ይለኛል። እኔ ከዚህ ሥራ ልወጣ ነው፤ እናንተ እየገባችሁ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ኔትወርክን ከውጭ ጥቃት የሚከላከለው ፋየርዎል ይገዛል። ሰው ሳይፈራ እንዲደውልላችሁ ማድረግ ግን በገንዘብ አይገኝም።

በኖቬምበር 2020፣ በታንክስጊቪንግ ሳምንት፣ የባልቲሞር ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ሲስተም በሃከሮች ተቆለፈ። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ትምህርቱ በኦንላይን ነበር። 115 ሺህ ያህል ተማሪ ለቀናት ከትምህርት ተስተጓጎለ። ወጪውም ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። በኋላ የሜሪላንድ የትምህርት ኢንስፔክተር ጄኔራል ነገሩን መረመረ። ለካ አንድ ሠራተኛ ደረሰኝ መሳይ ፋይል የተያያዘበት ኢሜይል ደርሶት ነበር። ፋይሉ አልከፈት ሲለው ለአይቲ ሰው ነገረ። የአይቲው ሰው ጠረጠረና ለደህንነት ባለሙያ አስተላለፈ። ባለሙያው ደግሞ ጥበቃ በሌለው ኢሜይል ላይ በስህተት ከፈተው።

ልብ በሉ፣ ሠራተኛው ተናግሯል። በሩ የተከፈተው በእኛ በኩል ነው። «መምህራን አይጠነቀቁም» ማለት ሲቃጣችሁ ይህን አስታውሱ።

አንዳንድ ቦታ ሠራተኛው ሊንኩን ይነካ እንደሆነ ለማየት የሃከር መሳይ የሙከራ ኢሜይል ይላክና የተሸወዱት ሰዎች ስም ለርእሰ መምህሩ ይሰጣል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዛሬ ያሸማቀቃችኋት መምህርት ነገ እውነተኛው የሃከር ኢሜይል ሲመጣ ስህተቷን ትደብቃለች። ሃከሩም በሰላም ይሠራል። «ሊንኩን ነካሁት» ብላ ስትደውል መጀመሪያ አመስግኗት። ከዚያ ፓስወርዷን አብራችሁ ቀይሩ፣ አካውንቷን ከተከፈተበት መሣሪያ ሁሉ ዝጉ፣ ኢሜይሉ ለሌላ ሰው መድረሱን ፈትሹ። ርእሰ መምህሩ ፊትም ጥሩ አድርጋለች በሉ።

የምንጠብቀው የልጆች ገበና ነው። በ2023 የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች ሃከሮች የጠየቁትን ቤዛ አንከፍልም ሲሉ፣ ልጆች የደረሰባቸውን ጥቃት የሚያወሱ ፋይሎች ሳይቀሩ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ብዙ ዲስትሪክቶች የተማሪ መረጃ ከሚያስቀምጡበት ከፓወርስኩል ኩባንያ መረጃ ተሰረቀ። የተገባው በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ ከፈለ። እንዲያም ሆኖ በሜይ 2025 ዲስትሪክቶች እንደገና ማስፈራሪያ መጣባቸው። የሌለን መረጃ አይሰረቅምና አለቆቻችሁን ጠይቁ፦ የዛሬ 15 ዓመት የተመረቀ ልጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እስካሁን እኛ ጋ ምን ይሠራል?

አደጋ ሲደርስም ወላጅ ቶሎ ይነገረው፣ በሚገባው ቋንቋ። የልጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ሲሰረቅ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጁ አድጎ ብድር ሲጠይቅ ነው። ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ፣ ወላጅ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጁን ክሬዲት፣ ሌላ ሰው በስሙ እንዳይበደር፣ በነፃ ማዘጋት ይችላል። በሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ማመልከት አለበት፦ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያን እና በትራንስዩኒየን። ብዙ ወላጆቻችን ይህን አልሰሙም። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እናንተ አማርኛ የምትችሉ ናችሁና በአማርኛ ጻፉላቸው፤ ያልገባው ቢኖር የሚደውልበትን ስልክም ጨምሩበት።