ተከታዩ ክፍል ራሱ እንዳይጀምር፦ የድሬ ልጆች ጥያቄ፣ የጋሽ ቴክኒክ መልስ

አስተባባሪ፦ አቦ እንደምን አመሻችሁ! ባለፈው ሳምንት አንዱ የግሩፓችን አባል ከበርጫ በኋላ ተከታታይ ፊልም እያየ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ የወር ፓኬጁ አልቋል፤ ፊልሙ ደግሞ እሱ ያላያቸውን ክፍሎች ጥሎት ሄዷል። ስንስቅበት ቆየንና ለካ ግማሻችን በዚሁ በሽታ የተያዝን ነን። ስለዚህ ቀፊራ አካባቢ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚጠግነውን ጋሽ ቴክኒክን ለዛሬ ምሽት ለምነነዋል። እስከ 4 ሰዓት ይመልሳል፤ መብራት ካልሄደ።

ጋሽ ቴክኒክ፦ እሺ። መጀመሪያ፦ ፓስወርድና ኢሜይል እዚህ አትጻፉ። ባለፈው ጽፋችሁ አይቻለሁ። ሁለተኛ፦ «አይሠራም» ብቻ ብሎ የሚጽፍልኝን አልመልስለትም። ኔትፍሊክስ ነው ዩቲዩብ? ስልክ ነው ቲቪ? እሱን ንገሩኝ። ቀጥሉ።

የለገሀር ልጅ፦ ኔትፍሊክስ፣ ቲቪ ላይ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ጋሽ ቴክኒክ፦ እንዲህ ይጠየቃል። ያጣኸው ማብሪያው ቲቪው ውስጥ ስለሌለ ነው። ያለው ፕሮፋይልህ ውስጥ ነው። በስልክም በኮምፒውተርም ብራውዘር ክፈት፤ ክሮም ይበቃል። ኔትፍሊክስ ውስጥ ግባና አካውንት፣ ከዚያ ፕሮፋይልስ፣ ከዚያ የራስህን ፕሮፋይል ንካ፤ ፕሌይባክ ሴቲንግስ የሚል ታገኛለህ። እዚያ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ተከታዩን ክፍል ራሱ የሚያስጀምረው ነው፤ ኦቶፕሌይ ይሉታል። ሌላው ገና ፊልም ስትመርጥ፣ ሥዕሉ ላይ ስትቆም፣ እየጮኸ የሚጀምረው ማስታወቂያ ነው፤ ፕሪቪው ይሉታል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱን አጥፍቶ «አሁንም ይጮሃል» የሚለኝ ሰው በሳምንት አይጠፋም።

አጥፍተህ ሴቭ ካልክ በኋላ ቲቪው ወዲያው ላይሰማህ ይችላል። ቲቪው ላይ ወደ ሌላ ሰው ፕሮፋይል ግባና ተመልሰህ ወደ ራስህ ና። ያኔ አዲሱን ያነባል። ቲቪውን ነቅሎ መሰካት፣ በጥፊ መምታት አያስፈልግም።

የከዚራዋ፦ ለምንድን ነው ግን እንዲህ የሚያደርጉት? ድሮ አልነበረም።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ኔትፍሊክስ ይህን ያመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ነው። ለምን ላልሽው፣ እንድትነሺ አይፈልጉም፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ቡና አፍልታ «አቦል ብቻ ጠጥተሽ ሂጂ» ያለችሽ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሦስተኛው ሳይቀዳ መነሳት ነውር ነው። እነሱም እንደዚያ ናቸው፤ ልዩነቱ ቡናው በነፃ ነበር። ፕሪቪውን ማጥፊያ የሰጡን ደግሞ በ2020 ነው፤ ሰው አምርሮ ከተማረረ በኋላ።

ሳቢያን 02፦ ሰላም ጋሽ ቴክኒክ፣ የኔ አይሠራም።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ምኑ?

ሳቢያን 02፦ አጠፋሁት ግን አልጠፋም።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ከላይ ያልኩትን አንብብ። ቀጣይ።

የመጋላ ነጋዴ፦ እኔ ቤት ዋይፋይ የለም። በስልኬ ሆትስፖት ነው ቲቪው የሚያየው። በእንቅልፍ ልቤ ስንት ጊጋ ሊበላ ይችላል?

ጋሽ ቴክኒክ፦ ኧረ አንተን ነው የምፈልገው! ይህን ጥያቄ ከዛሬው ሁሉ በደንብ አንብቡት።

ኔትፍሊክስ ራሱ የሚለው ይህን ነው። በዝቅተኛው ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋ ገደማ፣ በመካከለኛው 0.7 ገደማ፣ ከፍተኛው ላይ ኤችዲ ከሆነ እስከ 3 ጊጋ፣ 4ኬ ከሆነ እስከ 7 ጊጋ። አሁን እናስላ። አንዱ ክፍል 50 ደቂቃ ነው እንበል፣ አንተ ተኝተህ 3 ክፍል ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በኤችዲ እስከ 7.5 ጊጋ! በዝቅተኛው ቢሆን ከ1 ጊጋ አይዘልም ነበር። «አሁንም እያዩ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ክፍል ከሄደ በኋላ ነው፤ እሱ እስኪጠይቅህ ግን ፓኬጁ ተቃጥሏል። ስለዚህ ኦቶፕሌዩን አጥፋ፤ ከዚያ እዚያው ፕሌይባክ ሴቲንግስ ላይ የዳታ አጠቃቀሙን ከኦቶ ወደ ሎው ወይም ሚዲየም አውርድ። 32 ኢንች ቲቪ ላይ ሚዲየም ምን ጎደለው? ሰፈር ሁሉ 4ኬ ካላየሁ ይላል፤ ቲቪው 4ኬ አይደለም!

ዋናው ግን ሆትስፖቱ ነው። ቲቪው የስልክህን ሆትስፖት የሚያየው እንደ ዋይፋይ ነው። አንተ በካርድ የገዛኸው ዳታ መሆኑን አያውቅም። «በዋይፋይ ብቻ» የሚል ምርጫ አድርጌያለሁ ብለህ እንዳትዝናና፤ ሆትስፖት ዋይፋይ ነው። ዩቲዩብ ላይም እንዲሁ። ዩቲዩብ በሞባይል ዳታ ላይ 30 ደቂቃ ካልነካኸው ኦቶፕሌዩን ያቆማል፤ በዋይፋይ ግን 4 ሰዓት ይጠብቃል። በሆትስፖት የምታይ ሰው እንግዲህ በ4 ሰዓቱ ነው የምትቆጠረው። ሆትስፖት ዋይፋይ ነው። ጻፉት።

ጀጎል ቤቴ፦ ድሬዎች ችግራችሁ ሙቀቱ ነው። ቲቪውን ደጅ አውጥታችሁ አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ስታዩ ትተኛላችሁ። ሐረር ነፋሻ ነው፣ ሰው ቤቱ ገብቶ አጥፍቶ ይተኛል።

የለገሀር ልጅ፦ አቦ ተወን! እናንተ ከበርጫ ስትነሱ ሰው የሱቢሂ ሶላት ሰግዶ ይመለሳል።

የመጋላ ነጋዴ፦ ሳፋሪኮምም ሲጀምር መጀመሪያ ኔትወርኩን ለሕዝብ የከፈተው ድሬ ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2014። እኛ የቀደምን ሰዎች ነን።

ጀጎል ቤቴ፦ ዳታ ማባከንም ለዚያ ቀድማችሁ ተማራችሁ።

የለገሀር ልጅ፦ ባቡሩም በ1895 ሐረርን ትቶ እኛ ጋ ነው የቆመው።

ጀጎል ቤቴ፦ ተራራችንን መውጣት አቅቶት ነዋ!

ጋሽ ቴክኒክ፦ ባቡሩ ኦቶፕሌይ አልነበረውም። ወደ ጥያቄው።

እናት ከገንደ ቆሬ፦ ሰላም ልጄ። የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ ዩቲዩብ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፣ የማይሆን ነገርም ያመጣል። እንዴት ላስቁመው?

ጋሽ ቴክኒክ፦ እንደምን አመሹ እማማ። ቪዲዮው እየሄደ ስክሪኑን አንድ ጊዜ ይንኩት። ከላይ በኩል ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ ይታይዎታል። እሱን ሲነኩት ይጠፋል፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ እዚያው ይቆማል። ቲቪው ላይ ካዩት ግን ማብሪያው ሴቲንግስ ውስጥ ነው።

ግን የምመክርዎት ሌላ ነው። ለልጁ ዩቲዩብ ኪድስ የሚባለውን ይጫኑለት፤ እሱ ላይ ኦቶፕሌይ ከመጀመሪያውም ጠፍቶ ነው የሚመጣ። ደግሞ ሰዓት መሙያ አለው። 30 ደቂቃ ብለው ከሞሉት፣ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል። ልጁ ቢያለቅስም «ስልኩ ነው የዘጋው» ይበሉት፤ እርስዎን አይጠላም። ፓስወርድዎን ግን ለጎረቤት ልጅ አይስጡ እማማ፤ ለማንም።

እናት ከገንደ ቆሬ፦ ተባረክ። ልጁ ግን ከኔ በላይ ያውቃል።

ጋሽ ቴክኒክ፦ እሱን እኔም አልችለውም።

ነርሷ፦ ተረኛ ስሆን የሚመለከተኝ አንድ ነገር ነው። ቲቪው ላይ ስሊፕ ታይመር ሞልቼ እተኛለሁ። እሱ አይበቃም?

የከዚራዋ፦ በደንብ ይበቃል፤ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ኦቶፕሌይ ማጥፋት ትርፍ ሥራ ነው።

ጋሽ ቴክኒክ፦ አይበቃም። ቲቪው ራሱ ስማርት ከሆነና አፑ እሱ ውስጥ ከሆነ፣ ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል፣ እሺ። ግን ከኋላው የተሰካ፣ ፊልሙን ከኢንተርኔት የሚያመጣ ቦክስ ወይም ስቲክ ካለሽ፣ ታይመሩ የሚያጠፋው ስክሪኑን ነው። ቦክሱ ላይጠፋ ይችላል፤ ጨለማ ውስጥ ፊልሙን ለራሱ ያያል። አንድ ደንበኛ «ቲቪውን አጥፍቼ ዳታዬ አለቀ፣ ሰው ሰረቀኝ» ብሎ መጣልኝ። የሰረቀው ቦክሱ ነው።

ከስልክ ወደ ቲቪ ካስት የምታደርጉም ስሙ። ስልኩ አዛዥ ነው እንጂ ፊልሙ በእሱ ውስጥ አያልፍም። ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት ይስባል። ስልኩን ብታጠፉም ፊልሙ ይቀጥላል። ሆትስፖቱ ያ ስልክ ራሱ ከሆነ ብቻ ነው የሚቆመው።

የከዚራዋ፦ እኔ ቦክስ የለኝም ታዲያ።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ታዲያ ላንቺ ይበቃል። ሌሎቹ ስሙ።

ሳቢያን 02፦ ጋሽ ቴክኒክ፣ ኔትፍሊክስ ነው፣ ቲቪ ነው፣ ኢሜይሌ ደግሞ

(አስተባባሪ፦ መልእክቱ ኢሜይልና ፓስወርድ ስለያዘ ተሰርዟል።)

ጋሽ ቴክኒክ፦ ያ ሰውዬ! አሁኑኑ ፓስወርድህን ቀይር። እዚህ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለህ? ቀይረህ ስትመለስ እናወራለን።

ታይዋን ሱቅ፦ እኛ ጋ ፕሪሚየሙ በነፃ የሚሠራ አፕ እንጭናለን፣ ኦቶፕሌይም ማስታወቂያም የለውም። መምጣት ነው።

ጋሽ ቴክኒክ፦ አትሂዱ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ቴሌብራችሁንም እዚያው ስልክ ላይ ትከፍታላችሁ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ታይዋን ሱቅ፦ ደንበኛ አትቀማኝ እንጂ።

ጋሽ ቴክኒክ፦ ተበላሽቶ ሲመጣ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፤ ያንተ ደንበኛ የኔ ደንበኛ ነው።

ደቻቱ ማዶ፦ ቃና ላይ የሚታየው የቱርክ ድራማስ እንዴት ይቆማል?

ጋሽ ቴክኒክ፦ በሪሞት።

ደቻቱ ማዶ፦ ቁም ነገሬን ነው።

ጋሽ ቴክኒክ፦ እኔም። እሱ በዲሽ የሚመጣ ቻናል ነው፤ ፕሮግራም አለው፣ ይቀጥላል። ዳታም አይበላም፤ ተኛበት።

የነምበር ዋን ተማሪ፦ ኔትፍሊክስ ስልኬ ላይ አውርጄ ነው የማየው፣ ኦፍላይን። እኔን አይመለከተኝም አይደል?

ጋሽ ቴክኒክ፦ ይመለከትሃል። ዳውንሎድስ ውስጥ ስማርት ዳውንሎድስ የሚል አለ። አንዱን ክፍል አይተህ ስትጨርስ እሱን ያጠፋና ተከታዩን ራሱ ያወርዳል። በዋይፋይ ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ዋይፋይ ሲባል ግን… በሉ ሁላችሁም።

የመጋላ ነጋዴ፦ ሆትስፖት ዋይፋይ ነው!

ጋሽ ቴክኒክ፦ አንድ ሰው ገባው። የጓደኛህ ሆትስፖት ላይ ተጠግተህ፣ ሳታውቀው የሰው ዳታ ይዘህ ትሄዳለህ። አፑ ውስጥ ገብተህ ተከታዩን ማውረጃውን አጥፋው።

ገንደ ገራዳ፦ አማዞን ፕራይም?

ጋሽ ቴክኒክ፦ በብራውዘር፣ አካውንት ኤንድ ሴቲንግስ፣ ፕሌየር፣ ኦቶፕሌይ ኦፍ። አለቀ።

ፈርሃድ ሰፈር፦ ቲክቶክስ? ፌስቡክስ? ቴሌግራምስ?

ጋሽ ቴክኒክ፦ ዛሬ ስለ ተከታታይ ፊልም ነው የመጣሁት። ቴሌግራም ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ገብታችሁ ቪዲዮ ራሱ የሚወርድበትንና የሚጫወትበትን አጥፉ። ፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ ሚዲያ የሚል አለ፣ ኔቨር ኦቶፕሌይ በሉ። ቲክቶክን ለማጥፋት ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉ።

ሐረር ሸዋ በር፦ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ኔትፍሊክስ ላይ ተከታዩን ክፍል እንዴት ነው የሚጠፋው?

ጋሽ ቴክኒክ፦ ወደ ላይ።

ሐረር ሸዋ በር፦ ወደ ላይ የት?

የለገሀር ልጅ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ የኔ ነው፣ እዚያ አለ። ባቡሩን ተከትለህ ና።

ጀጎል ቤቴ፦ አሁንም ባቡር!

ሳቢያን 02፦ ፓስወርዱን ቀየርኩ። አሁን ልንገርህ በሥርዓት። በብራውዘር ገባሁ፣ ፕሌይባክ ሴቲንግስ ሁለቱንም አጠፋሁ፣ ሴቭ አልኩ። ቲቪው ላይ ግን አሁንም ራሱ ይቀጥላል።

ጋሽ ቴክኒክ፦ አሁን ሰው ሆንክ። የትኛውን ፕሮፋይል ነው ያጠፋኸው?

ሳቢያን 02፦ የቤቱን።

ጋሽ ቴክኒክ፦ የቤት የሚባል የለም። ኔትፍሊክስ ላይ ይህ ነገር በየፕሮፋይሉ ነው። ሚስትህ የራሷ አላት፣ ልጆቹ የራሳቸው፣ አንተ የራስህ። አንዱን ብታጠፋ ሌላው እንደበራ ነው። አምስት ፕሮፋይል ካላችሁ አምስት ጊዜ ማጥፋት ነው። ቲቪው ላይ ስትገባ የየትኛው ሥዕል ላይ ነው የምትጫነው?

ሳቢያን 02፦ ቆይ ልየው።

ሳቢያን 02፦ አቦ… የልጆቹን ነው ያጠፋሁት። እኔ በሚስቴ ነው የማየው።

ነርሷ፦ ለዚያ ነዋ ልጆቹ ከሁለት ቀን ጀምሮ ቲቪው ተበላሸ የሚሉት!

ሳቢያን 02፦ በምን አወቅሽ?

ነርሷ፦ ሚስትህ ነኝ። ኢሜይሉንም ሳይሰረዝ አየሁት።

ጋሽ ቴክኒክ፦ አራት ሰዓት ሞላ። ደህና እደሩ።